ጡረታ ለወጡ ወላጆች በጎ ፈቃድ የት ይሻላል? (አዲስ አበባ)

ጥያቄ፦
ሰላም ናችሁ? አባዬ ከ30 ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምሮ ዓምና በ60 ዓመቱ ጡረታ ወጣ። ጠዋት ኮቱን ለብሶ ይወጣና በር ላይ ትንሽ ቆሞ ይመለሳል። ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። በነጻ የሚያገለግልበት ጥሩ ቦታ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ። ሰፈራችን ገርጂ ነው።

መልስ፦
እህቴ፣ በደንብ ገብቶኛል። እናቴም ከመሥሪያ ቤት የወጣች ሰሞን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፍቷት ነበር። አብረን እየዞርን ያየነውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሄድነው መቄዶንያ ነው። አያት አካባቢ ስለሆነ ለእናንተ ከጉርድ ሾላ በባቡር ይቀርባችኋል። ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው፣ ከጎዳና የተነሱ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚኖሩበት ቤት ነው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን ቃላቸውን ሰምተሽው ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ሥራው ጉልበትም ይጠይቃል። ማጠብ አለ፣ ማብላት አለ፣ ማንሳት አለ። እናቴ ልብስ አጥባለሁ ብላ በሁለተኛው ሳምንት ወገቧን ያዛት። ከዚያ ጥፍር መቁረጥና ጸጉር ማበጠር ጀመረች። ነገሩ የሰመረላት ያኔ ነው። አንዲት እናት አጠገባቸው ቦታ ይዘውላት ይጠብቋት ጀመር። ስለ አገራቸው፣ ስለ ልጅነታቸው ያወሯታል። ጨዋታ ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላየሁም። ሆደ ባሻ ለሆነ ግን ይከብዳል። እናቴ እራት ሳትበላ የምትተኛበት ቀን ነበር።

ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ትሬዛ እህቶች ቤትም ሕሙማንን የሚያስታምሙበት ነው። ቅዱስ ሥራ ነው። ለአባትሽ ግን እሱን አላስቀድምም።

ለእሳቸው የማስቀድመው ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ማንበብን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ። በብሬል የተዘጋጀ መጽሐፍ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ሰው ያነብላቸዋል፣ ወይ በድምፅ ይቀዳላቸዋል። የፈተና ሰሞን ደግሞ አንባቢ በጣም ይፈለጋል። ወጣቱም ያነባል፣ ግን ይቸኩላል። መምህር የሆነ ሰው የት ላይ ቆም እንደሚባል ያውቃል። ሠንጠረዥና ግራፍ በቃል ማስረዳትማ የሒሳብ መምህር ሥራ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ ጡረተኛ መምህር ለአንድ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ አንብበውለት፣ በምርቃቱ ቀን ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ ተነሱ። ያንን ፎቶ ሳሎናቸው ሰቅለውታል።

ሁለተኛው ምርጫዬ የሰፈራችሁ እድር ነው። ቀላል መስሎሽ አትለፊው። የሒሳብ መዝገብ የሚያጣራ፣ ቃለ ጉባኤ በሥርዓት የሚይዝ ሰው የሌለው እድር ብዙ ነው። ታክሲ አያስፈልግም፣ ሰዉም የሚያውቃቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ገንዘብ ያዥ ባይሆኑ እመርጣለሁ። ኃላፊነቱ እንቅልፍ ይነሳል። ጸሐፊ ወይም ሒሳብ መርማሪ ቢሆኑ ይበቃል።

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ደግሞ ወረዳችሁ ጠይቁ። በክረምት በጎ ፈቃድ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። አስተማሪዎቹ ባብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው፤ ልምድ ያለው መምህር ቢጨመርበት ለልጆቹም ለወጣቶቹም ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ በሁለት ወር ማለቁ ነው።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎችም ልጨምር። ወላጃችሁ ነርስ ወይም ጤና ረዳት ከነበሩ ቀይ መስቀልን ጠይቁ። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፣ የሚሠራውም በበጎ ፈቃደኞች ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ስታዲየም አካባቢ ነው። ደም መለገስ ለሚያስቡ ደግሞ፣ የሚወሰደው ከ18 እስከ 65 ዓመት ከሆነ ጤነኛ ሰው ነው።

የትም ብትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ በየትኛው ቀን? ምን ሥራ? ማን ይቀበላቸዋል? ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ እናቴን ጠርቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ፎቶ አስነሥተው ሸኟት። በታክሲ ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ትልቅ ሰው እንዲህ አይደረግም።

ጥያቄ፦
እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ! የንባቡ ነገር ልቤን ነካው። ግን አባዬ ጉልበቱን ያመዋል። ገርጂ–መገናኛ–አራት ኪሎ–ስድስት ኪሎ በታክሲ ይችለው ይሆን?

መልስ፦
በየቀኑማ አይሆንም። አንድ ቀን ብቻ አብረሻቸው ሂጂ። ተማሪዎቹን ይተዋወቁ፣ የሚፈልጉትን ምዕራፍ ይቀበሉ። ከዚያ ቤታቸው ቁጭ ብለው በስልክ እየቀዱ በቴሌግራም መላክ ይችላሉ። አቀዳዱን አንቺ አሳያቸው። ጠዋት ላይ፣ ጎረቤት ሙዚቃ ሳይከፍት፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ አምስት ገጽ ብቻ ያንብቡና ተማሪው ፍጥነቱ ተስማምቶት እንደሆነ ይጠይቁት።