ያለ ጥፋቴ ተገጭቼ የሞተሬ መድን ሲታደስ ለምን ጭማሪ እከፍላለሁ? ነገ ያበቃል!

ባለ ቦክሰር (አዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የሞተር ሳይክሌ መድን ነገ ዓርብ ያበቃል። ዛሬ ላሳድስ ስሄድ የውል ክፍሏ ሠራተኛ «ዘንድሮ ካሳ የተከፈለበት ስለሆነ ቅናሽዎ ተነሥቷል፣ በአረቦኑም (ለመድኑ በሚከፍሉት ክፍያ) ላይ ጭማሪ አለ» አለችኝ። ባለፈው ጥቅምት ተማሪዎች እንዲሻገሩ ዜብራው ላይ ቆሜ ሳለሁ ሚኒባስ ከኋላዬ መጥቶ ገጨኝ፤ የኋላው ፓራፋንጎ ተሰበረ፣ ሻንሲው ተጣመመ። ትራፊክ ፖሊሱ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) አንሥቶ ጥፋቱ የሚኒባሱ አሽከርካሪ መሆኑን ጽፏል። ታዲያ የምቀጣው ምን አጥፍቼ ነው? ዕቃ አድርሼ ቤተሰቤን የማስተዳድረው በዚሁ ሞተር ነው፤ ቦሎም የማሳድስበት ጊዜ ደርሷል። እባካችሁ ነገ ምን ላድርግ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገመታል፤ ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የፖሊሱ ሪፖርት ትልቅ ማስረጃህ ነውና ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ከእጅህ አታውጣ። ወጣቶች ከተገጩ በኋላ በሽምግልና ተስማምተው ፕላን ሳይነሣ ሞተራቸውን ከቦታው የሚያነሡበት ልማድ እጅግ ያሳስበኛል።

የሐዋሳ ልጅ፦
ኩባንያ ቀይር፤ ሌላው ጋ ስትሄድ እንደ አዲስ ደንበኛ ይቀበሉሃል።

ውል ክፍል የሠራች፦
ጠያቂው ወንድሜ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ሆኖም «ተቀጣሁ» በሚለው አልስማማም። የተነሣው ቅናሽ የሚሰጠው ዓመቱን ሙሉ ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ እንጂ ጥፋተኛ ላልሆነ ደንበኛ አይደለም። ኩባንያዎ ለጥገናው ከከፈለ በኋላ ግን በንግድ ሕጉ ቁጥር 683 መሠረት በእርስዎ ቦታ ተተክቶ ገንዘቡን ከጥፋተኛው ወገን የመጠየቅ መብት አለው። ገንዘቡ ተመልሶለት ከሆነ ቅናሹ እንዲመለስልዎ ለመከራከር ጥሩ መሠረት አለዎት። ተመልሶለታል? ደግሞስ የሚያድሱት ሦስተኛ ወገን (በሌሎች ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት) ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ሽፋን (የራስዎን ሞተር ጉዳት ጭምር)?

ባለ ቦክሰር (አዳማ)፦
ሁለቱንም ነው፤ ጭማሪው ያለው በሙሉ ሽፋኑ ላይ ነው። ገንዘቡ ይመለስ አይመለስ የነገረኝ ሰው የለም።

አፋጣኝ መልእክተኛ፦
እኔም የምለው ኩባንያ ቀይር ነው። ስለ አደጋው ካልነገርካቸው ማንም አያውቅም።

ውል ክፍል የሠራች፦
ወንድሜ፣ እባክዎ ይህን ምክር ለማንም አይስጡ። መድን ሲገባ የሚሞላው የሐሳብ ማቅረቢያ ቅጽ ስለ ቀደሙ አደጋዎችና ካሳዎች ይጠይቃል፤ አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ስለሚችል፣ ነገ ሌላ ሚኒባስ ቢገጨው አረቦን ሲከፍል ኖሮ ባዶ እጁን ይቀራል። ኩባንያ መቀየር መብቱ ነው፤ ሲቀይር ግን አደጋውን ገልጾ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን አያይዞ ይሁን።

ባለ ሞተር ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ሁለቱን ለይቼ እጨርሳቸው ነበር። ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ መውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ቦሎውም ያለ እሱ አይታደስም። የእሱ ታሪፍ ደግሞ በመንግሥት የሚወጣ ስለሆነ ክርክርህ አይነካውም። ስለዚህ ጠዋት ሊብሬህንና የቆየውን ውል ይዘህ ሂድ፣ ሦስተኛ ወገኑን ክፈል፣ ስቲከሩን ተቀብለህ ለጥፍ። ከዚያ ወደ ውል ክፍል ሳይሆን ወደ ካሳ ክፍል ሂድና በፋይልህ ላይ ከሚኒባሱ መድን ሰጪ ገንዘቡ ተመልሶ እንደሆነ ጠይቅ። ተመልሶ ከሆነ በደብዳቤ እንዲገልጹልህ አድርግና ደብዳቤውን ከማመልከቻ ጋር ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አስገባ። ገና ካልተመለሰም ሲመለስ ቅናሹ እንዲታይልህ አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቅ። አንድ ነገር ግን አስብበት፤ ሙሉ ሽፋኑ ሳይታደስ በሚቆይበት ጊዜ ሞተርህ ቢሰረቅ ወይም አንተው ብትወድቅ የሚክስህ የለም፤ ሞተሩን በብድር ገዝተኸው ከሆነም አበዳሪው ክፍተቱን አይቀበልም። እንደዚያ ከሆነ ጭማሪውን ከፍለህ በኋላ ተከራከር።

ጡረተኛው መምህር፦
የባሕር ዳሩ ልጅ መልካም ብሏል። እኔም አንድ ልጨምር። ሲጠገን ከኪስህ ያወጣኸው ድርሻ፣ ኤክሰስ የሚሉት፣ ካለ፣ እሱን ከሚኒባሱ ባለቤት ወይም ከመድን ሰጪው መጠየቅ ትችላለህ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ክስ የሚቀርብበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ጥቅምት ላይ ደርሶ ከሆነ ገና ጊዜ አለህ። ደረሰኙን ፈልግ።

የሐዋሳ ልጅ፦
ካሳ ክፍል ምን አሉህ?