ረዳት አሰልጣኙ ተከፍሎት ይቅር ወይስ ይሂድ? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ክርክር

አወያይ፦ በየዓመቱ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ የሚነሳውን ጥያቄ እናንሳው። ጥሩ ረዳት አሰልጣኝ ያለው ቡድን ሲያሸንፍ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም የኤንኤፍኤል (የባለሙያዎቹ ሊግ) ክለብ ወፈር ያለ ደመወዝ ይዞ በር ያንኳኳል። ዩኒቨርሲቲው ያለውን አውጥቶ ያስቀረው ወይስ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብሎ ይሸኘው? መነሻችን ጂም ኖልስ ነው። የኦሃዮ ስቴት የዲፌንስ (የመከላከል ክፍል) አስተባባሪ ሆኖ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 አትላንታ ላይ ኖተርዳምን 34 ለ 23 አሸንፈው ዋንጫ አነሱ፤ ሳምንት ሳይሞላ ወደ ፔን ስቴት መሄዱ ተሰማ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስድብ የለም፣ ቁጥር አምጡ።

ቀይና ግራጫ፦ ይከፈለዋ! ምን ክርክር አለው? የ2024ቱ ዲፌንስ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 254.6 ያርድና 12.9 ነጥብ ብቻ ነው የሰጠው። በሁለቱም ከአገሩ አንደኛ። ኦሃዮ ስቴት በዓመት 2.2 ሚሊዮን ዶላር ይከፍለው ነበር፤ ፔን ስቴት በአማካይ 3.1 ሚሊዮን ሰጠው። ልዩነቱ 900 ሺህ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለሚሞላ ቡድን ይሄ ገንዘብ ነው? ያውም እዚያው ሊግ ውስጥ ላለ ተቀናቃኝ አሳልፎ መስጠት! በዚያው ሰሞን የኦፌንስ (የማጥቃት ክፍል) አስተባባሪው ቺፕ ኬሊ ወደ ኤንኤፍኤሉ ሬይደርስ ሄዷል። ሁለት አስተባባሪ በአንድ ክረምት።

ባለ ደብተሯ፦ ወንድሜ፣ ደመወዙን ብቻ አታወዳድር። የረዳት አሰልጣኝ ውል ላይ መጀመሪያ የሚታዩት አራት ነገሮች ናቸው፦ ስንት ዓመት ዋስትና አለው፣ ቢባረር ቀሪው ደመወዝ ይከፈለዋል ወይ፣ እሱ ጥሎ ቢሄድ የውል ማፍረሻው ስንት ነው፣ ከማፍረሻው ነፃ የሚያደርገው ሁኔታስ የቱ ነው። ብዙ ጊዜ ዋና አሰልጣኝ ሊሆን ከሄደ ማፍረሻው ይቀርለታል ወይም ይቀንስለታል፤ ለተመሳሳይ ሥራ ወደ ሌላ ቡድን ከሄደ ግን ይከፍላል። "ይከፍላል" ስል በአብዛኛው የሚከፍለው አዲሱ ቀጣሪ ነው።

ደግሞ 900 ሺው እዚያ ላይ አይቆምም። ለአንዱ 3.1 ከሰጠህ የኦፌንሱ አስተባባሪ ወኪል በነጋታው ይደውላል። የመስመር አሰልጣኙም "እኔስ?" ይላል። የአንድ ሰው ጭማሪ ሳይሆን የአሥሩን ረዳቶች የደመወዝ እርከን ነው ከፍ የምታደርገው።

ሦስተኛው ሙከራ፦ በዚያ ላይ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ ማከፋፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የአሰልጣኝ ደመወዝ ከዚህ ጣሪያ ውስጥ አይቆጠርም፣ ከአንድ ካዝና መውጣቱ ግን አይቀርም። በ900 ሺህ ዶላር ጥሩ ተከላካይ ከፖርታል (ከተጫዋቾች የዝውውር መዝገብ) ይመጣል።

ጋሼ ሜዳው፦ ልጆች፣ ገንዘቡን አቆዩትና ሰውየው ምን ሠራ የሚለውን እንይ። ኖልስ ከኦክላሆማ ስቴት መጥቶ የመጀመሪያ ዓመቱ 2022 ነው። ያን ዓመት ሚሺጋን ኮሎምበስ፣ በኦሃዮ ስቴት ሜዳ፣ 45 ለ 23 ሲያሸንፍ ከስድስቱ ታችዳውኖች (ኳሱን የመጨረሻው መስመር ማሳለፍ) አምስቱ የገቡት በ69፣ በ75፣ በ45፣ እንደገና በ75፣ ከዚያም በ85 ያርድ ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ቀስ በቀስ ተገፍተው የመጡ አይደሉም፤ አንድ ሰው ቦታውን ሲስት ከኋላው የቀረ የለም። የኖልስ አሠራር አራት ሰው ከፊት፣ ሁለት ላይንባከር (የመሐል ተከላካይ)፣ አምስት የኋላ ተከላካይ ሆኖ ከእነሱ ሦስቱ ሴፍቲዎች (ከሁሉም ኋላ የሚጠብቁት) የተለያየ ሥራ አላቸው። ብዙ ሰው ወደ ፊት ልኮ ኳርተርባኩን (ኳስ ወርዋሪውን) ማስጨነቅ ይወድ ነበር፣ ቅጣቱም ያ ሆነ።

በ2024 ኦሪገን ላይ 32 ለ 31 ከተሸነፉ በኋላ በነበረው የዕረፍት ሳምንት ነገሩን አስተካከሉት። ሴፍቲውን ኬለብ ዳውንስን ወደ መስመሩ አቀረቡት፤ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ግፊት በአራት ሰው ብቻ መላክ ጀመሩ። ኦሪገንን በፕሌይኦፉ (በዋንጫው የጥሎ ማለፍ ዙር) መልሰው ሲያገኙት 41 ለ 21 አሸነፉ። የምትገዙት ይህን ነው፤ የሦስት ዓመት መማማር። አዲስ ሰው ሲመጣ ከአንደኛ ክፍል ነው የሚጀመረው።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እርስዎ ያሉት እውነት ቢሆን 2025 ላይ ኦሃዮ ስቴት መውደቅ ነበረበት። ከዋንጫው ዲፌንስ ስምንት ቋሚዎች በአንድ ድራፍት (የኤንኤፍኤል የተጫዋች ምርጫ) ሄደዋል። ኖልስን የተካው ማት ፓትሪሺያ ደግሞ ለዓመታት ኤንኤፍኤል ውስጥ የቆየ ሰው ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከቴክሳስ ጋር ነበር፤ 14 ለ 7 አሸነፉ። ኖልስ በበኩሉ ፔን ስቴት ሄዶ ምን ሆነ? ኦክቶበር 4 ላይ እስከዚያ ቀን አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው ዩሲኤልኤ 42 ነጥብ አስቆጠረበትና 42 ለ 37 ተሸነፉ። በሳምንቱ በኖርዝዌስተርን 22 ለ 21። በማግስቱ ዋና አሰልጣኙ ጄምስ ፍራንክሊን ተባረረ። ኖቬምበር 1 ላይ ደግሞ ኮሎምበስ መጥተው 38 ለ 14 ተሸኙ። 3.1 ሚሊዮኑ የት ገባ?

የሚገርመው፣ ያን ቀን የዩሲኤልኤን የኦፌንስ ጨዋታ የጠራው (በየሙከራው ምን ይጫወቱ የሚለውን ያዘዘው) ጄሪ ኑሃይዘል ነው፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ የታይት ኤንድ አሰልጣኝ ነበር። ሥራውን የተረከበው ከጨዋታው ጥቂት ቀናት በፊት ነው። በጣም ውድ የሆነውን ረዳት አሰልጣኝ ያሸነፈው የዚያ ሳምንት ተተኪ ነው!

ቀይና ግራጫ፦ እሱማ በአንድ ጨዋታ አይፈረድም። ፔን ስቴት ላይ ኳርተርባኩም ኦፌንሱም ተበላሽቶ ነበር።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ታዲያ የ2024ቱም ስኬት የኖልስ ብቻ አይደለማ። አንዱን ለእሱ፣ ሌላውን ለተጫዋቾቹ ማድረግ አይቻልም።

የባተን ሩዥ ልጅ፦ ኦሃዮ ስቴትን ተዉትና ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴትን) ተመልከቱ፤ ነገሩ ሲበላሽ እንዴት እንደሚበላሽ እዚያ ነው ቁልጭ ብሎ የሚታየው። የ2019 ዋንጫ እንዳለቀ የኦፌንሱ ጆ ብሬዲ ወደ ኤንኤፍኤሉ ካሮላይና ፓንተርስ፣ የዲፌንሱ ዴቭ አራንዳ በዋና አሰልጣኝነት ወደ ቤይለር ሄዱ። ለዲፌንሱ ቦ ፔሊኒ መጣ። አራንዳ ሦስት ሰው ከፊት አሰልፎ መደበቅና መለዋወጥ ያበዛ ነበር፤ ፔሊኒ አራት ሰው ከፊት አድርጎ ከኋላ ሰው ለሰው መያዝ አበዛ። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሜዳ ላይ ግን ለሦስት ሰው መስመር የተመለመለ ግዙፍ ተጫዋች አሁን ክፍተት ሰንጥቆ ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ዓይኑን ኳርተርባኩ ላይ አድርጎ አካባቢ መጠበቅ የለመደ ሴፍቲ ጀርባውን ሰጥቶ ሰው መከተል አለበት።

ይህን ለማስተማር የሚሰጠው 15 የፀደይ ልምምድ ነው። በ2020 እሱም በኮሮና ተቋረጠ። ሴፕቴምበር 26 ሚሲሲፒ ስቴት መጣ፤ አሰልጣኙ ማይክ ሊች። የሊች ኦፌንስ እንጀራ ሁለት ተቀባይ ከግራና ከቀኝ ተነስተው መሐል ላይ ትከሻ ለትከሻ ተሳስተው እንዲያልፉ ማድረግ ነው። ሰው ለሰው የያዙ ተከላካዮች እዚያ ጋ ይጋጫሉ፤ ወይ አንዱ ይዘገያል፣ ወይ ሁለቱ አንድ ሰው ይከተላሉ። መልሱ "አንተ የኔን ያዝ፣ እኔ ያንተን" መባባል ነው፤ ያ ግን በቃል የሚጠና ሳይሆን መቶ ጊዜ የሚደጋገም ነገር ነው። የሚሲሲፒ ስቴት ኳርተርባክ ኬ ጄ ኮስቴሎ 623 ያርድ ወረወረ፣ የሊጉ ሪከርድ። 44 ለ 34 አሸነፉን። የኤልኤስዩ ወቅት በ5 ድልና በ5 ሽንፈት አለቀ፣ ፔሊኒም በአንድ ዓመት ተሰናበተ።

ባለ ደብተሯ፦ ሙሉውን ተናገራ። ያን ቀን የኋላ ተከላካዩ ዴሪክ ስቲንግሊ በሕመም አልተሰለፈም። ከዋንጫው ቡድን 14 ተጫዋቾች በአንድ ድራፍት ሄደዋል፤ ተቀባዩ ጃማር ቼዝም ያን ዓመት አልጫወትም ብሎ ነበር። አራንዳስ በገንዘብ ይቀር ነበር? ዋና አሰልጣኝ ሊሆን የሚሄድን ሰው በደመወዝ አትይዘውም።

የባተን ሩዥ ልጅ፦ አይቀርም፣ ልክ ነሽ። ነጥቤ ሌላ ነው። ጥፋቱ ሰው መሄዱ ሳይሆን ቋንቋው አብሮት መሄዱ ነው። ጆርጂያን እይው። ዳን ላኒንግ ዲሴምበር 2021 ላይ የኦሪገን ዋና አሰልጣኝ ተባለ፤ ሆኖም ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 አላባማን 33 ለ 18 እስኪያሸንፉ ዲፌንሱን እሱ መራ። ከዚያ እዚያው የነበሩት ግሌን ሹማንና ዊል መስቻምፕ ተረከቡት። የጥሪ ስሞቹ፣ የልምምዱ ሥርዓት፣ የምልመላ መስፈርቱ አልተነካም። በቀጣዩ ዓመት ቲሲዩን 65 ለ 7።

ጋሼ ሜዳው፦ ከቤት መሾምም ዋስትና አይደለም እኮ ልጄ። ክሌምሰን የዲፌንስ አስተባባሪው ብሬንት ቬነብልስ ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ኦክላሆማ ሲሄድ አብሮት ይሠራ የነበረውን ዌስ ጉድዊንን ሾመ። ቋንቋው ያው፣ ወረቀቱ ያው። ጃንዋሪ 2025 ላይ አሰናበቱትና ቶም አለንን ከፔን ስቴት አመጡ። ፔን ስቴት ኖልስን የፈለገው ለዚያ ነው፤ አንዱ ወንበር ሲለቀቅ ሦስት ቡድን ይናወጣል። ጥሩ ተማሪ ሁልጊዜ ጥሩ አስተማሪ አይሆንም። ቬነብልስ ተጋጣሚው አሰላለፉን ሲቀይር እሱም በሰከንድ ውስጥ ይቀይር ነበር፤ ያ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

አወያይ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ሌላ ሥራ የተቀበለ ረዳት እስከ ፕሌይኦፉ ፍጻሜ ይቆይ ወይስ ወዲያው ይሰናበት?

ቀይና ግራጫ፦ ይቆይ። የአላባማውን የኦፌንስ አስተባባሪ ሌን ኪፊንን አስታውሱ። የፍሎሪዳ አትላንቲክን ሥራ ተቀብሎ ሳለ፣ ከ2017ቱ ፍጻሜ አንድ ሳምንት ሲቀር ዋና አሰልጣኙ ኒክ ሴባን አሰናበተው። ስቲቭ ሳርኪሲያን ጥሪውን ተረከበ፤ አላባማ አንድ ሰከንድ ሲቀር በገባ ታችዳውን በክሌምሰን 35 ለ 31 ተሸነፈ።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ቦ ስካርብሮ በሦስተኛው ሩብ ተጎድቶ መውጣቱንስ? ኳሱን ይዞ የሚሮጥልህ ሰው ከሌለ ማንም ቢጠራ ያው ነው። ደግሞ ሴባን ያሰናበተው ኪፊን ልቡ ሁለት ቦታ ስለነበረ ነው። አዲሱን ሥራ የያዘ ሰው ጠዋት ተጫዋች ያሠለጥናል፣ ማታ ለሌላ ቡድን ረዳት ይቀጥራል፣ ለምልመላ ይደውላል። የተጋጣሚን የጨዋታ ፊልም የሚያይበት ሰዓት ከየት ይመጣል?

ባለ ደብተሯ፦ ግን ሳርኪሲያን ራሱ የቴክሳስን ሥራ ይዞ ጃንዋሪ 2021 ላይ የአላባማን ኦፌንስ እስከ ዋንጫ መርቷል። ልዩነቱ ሥራ ተከፋፍሎ መሰጠቱ ነው። የሚሄደው ሰው ጨዋታ ይጥራ፤ የቡድን ስብሰባውንና የተጫዋቾቹን ስልክ ግን ተተኪው ከመጀመሪያው ቀን ይያዘው። አለበለዚያ ሰውየው እየተሰናበተ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ደጋፊ የሚረሳው ነገር አለ። ዋና አሰልጣኝ ሲለወጥ ለተጫዋቾች ልዩ የዝውውር መስኮት ይከፈታል። ረዳት ሲሄድ አይከፈትም። አሁን መደበኛው መስኮት ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ አሰልጣኙ ጃንዋሪ 20 ላይ የሄደበት ልጅ ምን ያድርግ? በእሱ ብሎ የመጣ፣ እሱ የሌለበት ቦታ ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣል። የአሰልጣኙ ገበያ ክፍት ሆኖ የልጁ መዘጋቱ ለእኔ ከ900 ሺው በላይ ያናድዳል።

ጋሼ ሜዳው፦ ይሄ ትልቅ ነጥብ ነው። በተለይ እንደ ኦሃዮ ስቴቱ የተቀባዮች አሰልጣኝ እንደ ብራያን ሃርትላይን ያለ ሰው ሲሆን። ጋሬት ዊልሰን፣ ጃክሰን ስሚዝ ንጂግባ፣ ማርቪን ሃሪሰን ጁኒየር፣ ኤሜካ ኢግቡካ በየተራ በመጀመሪያው ዙር የተመረጡት በእሱ እጅ አልፈው ነው። እሱ በ2025 መጨረሻ ወደ ሳውዝ ፍሎሪዳ ዋና አሰልጣኝነት ሲሄድ የሚጎድለው የጨዋታ ጥሪ ብቻ አይደለም፤ ገና ሃይስኩል ያሉት ልጆች ናቸው። ለእንዲህ ያለው ነው መክፈል። ጨዋታ ጠሪ ከገበያ ይገኛል፣ እናቶች የሚያምኑት መልማይ አይገኝም።

ቀይና ግራጫ፦ እሺ፣ ወደ ሊግ ተቀናቃኝ ሲሄድስ? የጥሪ ቃሎቹን ሁሉ ይዞ እኮ ነው የሚሄደው።

የባተን ሩዥ ልጅ፦ ከ2024 ወዲህ ቀሏል። ከአሰልጣኙ ወደ አንድ ተጫዋች ሄልሜት በሬዲዮ ይነገራል፣ ኳሱ እስኪነሳ የሚቆጥረው ሰዓት 15 ሰከንድ ሲቀረው ይቋረጣል። የምልክት ስርቆቱ ቀንሷል ማለት ነው። ግን ሰምቶ ለቀሩት አሥሩ የሚያስተላልፈው ላይንባከሩ በእጅና በድምፅ ነው፤ ተጋጣሚው በመጨረሻ ሰዓት ቦታ ሲቀይር የሚጮኹት ቃሎችም ክፍት ናቸው። ስለዚህ በፀደይ መለወጥ ያለባቸው እነዚያ የመጨረሻ ሰዓት ቃሎች ብቻ ናቸው። መጽሐፉን በሙሉ ልለውጥ ያለ ቡድን ራሱን ነው የሚያደናግረው።

ባለ ደብተሯ፦ እኔ የምለው፣ ዋንጫ ከተበላ በኋላ ጭማሪ መስጠት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ድርድሩ ኦክቶበር ላይ መጀመር አለበት፣ ወኪሉ ሌላ ስልክ ሳያነሳ። ከደመወዙ ውስጥ ደግሞ የተወሰነው ለይቶ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ከቆየ ብቻ የሚከፈል ይሁን። ብዙ ሰው ጥሎ የሚሄደው ጃንዋሪ ላይ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ፦ አዲሱ ቀጣሪ ያንንም ጉርሻ ይከፍልለታል፣ ምን ዋጋ አለው?

ቀይና ግራጫ፦ ይክፈላ! ቢያንስ ሂሳቡ ለፔን ስቴት ይድረሰው።