ድረሱልኝ! የቦርሳዬ የወገብ ዘለበት ተሰበረ፣ ነገ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ በረራ አለኝ

ብቸኛዋ መንገደኛ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ይህን ቶሎ የምታዩ ካላችሁ እርዱኝ። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ሆስቴል ውስጥ ነኝ። ዕቃዬን ሸክፌ ጨርሼ ቦርሳውን ላነሳ ስል የወገቡ ዘለበት ቋ ብሎ ተሰበረ። ፕላስቲክ ነው። ነገ 1 ሰዓት በረራ አለኝ። ከአሊስ ወደ ዳርዊን፣ ከዚያ ከርንስ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ወርጄ ሲድኒ፣ መጨረሻ ላይ ፐርዝ ነው ሐሳቤ። ብቻዬን ነኝ። ሱቆቹ ዘግተዋል። ሱፐር ግሉ አለኝ፣ ይይዘዋል? ሌላ ቦርሳ ለመግዛት አቅም የለኝም።

መርፌና ክር፦
ሙጫውን ተይው እህቴ። የዘለበት ፕላስቲክ ሙጫ አይወድም። ለጊዜው ቢይዝ እንኳ ክብደት ሲያርፍበት ይለቃል። የተሰበረው ወንዴው (የሚገባው) ነው ሴቴው (የሚቀበለው)? የማሰሪያው ስፋትስ ስንት ነው? አብዛኛውን ጊዜ 25፣ 38 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ ከሌለሽ በማሰሪያው ስፋት ልክ ወረቀት ቁረጪና ያዢ። ሱቅ ስትሄጂ እሱን ታሳያለሽ።

የፉትስክሬይ ልጅ፦
1 ሰዓት በሀበሻ ነው በፈረንጅ? መልሱ ይለያያል። በፈረንጅ 1 ሰዓት ከሆነ ጠዋት ሱቅ ትደርሻለሽ።

እግረኛው፦
ልጄ፣ ዘለበቱ ያለምክንያት አልተሰበረም። ቦርሳሽ ስንት ኪሎ ነው? ይህን ሳትነግሪን ስለ ዘለበት ማውራት ዋጋ የለውም። የወገብ ማሰሪያ ሥራው ሸክሙን ከትከሻ ላይ አንስቶ ዳሌ ላይ ማሳረፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ሸክሙ ከሰውነትሽ ክብደት ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ ነው። 60 ኪሎ ከሆንሽ 12 ኪሎ አካባቢ ማለት ነው። ውሃም ይቆጠራል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። በረሃ ስትገቢ ከሦስት ሊትር በታች ይዘሽ አትንቀሳቀሺ። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባሽ አስጠግተሽ መሀል ላይ አድርጊው። ከታች ስሊፒንግ ባግ፣ ከላይ ዝናብ ልብስ። ሁሉንም አልጋው ላይ ዘርግፊና እንደገና ምረጪ።

ሰላም ለሁሉ፦
ቋጠሮ! ሁለቱን ጫፍ አምጥተሽ ሆድሽ ላይ ቋጥሪው። የዛሬውን ችግር ይፈታል።

ተከራካሪው፦
እኔ ዘለበቱ ራሱ አልታየኝም። ሜልቦርን ላይ ሆስቴል፣ አሊስ ላይ ሆስቴል፣ በመሀል አውሮፕላን። ቦርሳውን የምትሸከሚው ከመኪና እስከ በር ነው። ያለ ወገብ ማሰሪያ ይኬዳል። ይልቅ ዕቅድሽን እይው። አውስትራሊያን በአንድ ጉዞ መዞር ካርታ ላይ ነው የሚያምረው። ከአሊስ ዳርዊን ብቻ በመንገድ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ነው። ከሲድኒ ፐርዝ 3,900 አካባቢ። ፐርዝን ለሌላ ጊዜ አቆይተሽ ሰሜኑን ረጋ ብለሽ እይ። አሁን ሐምሌ ነው፣ ሰሜኑ ደረቅ ነው። ከኅዳር ጀምሮ ዝናብና ወበቅ ይሆናል፤ ከርንስ በኩልም ባሕሩ ውስጥ የሚናደፉት ጄሊፊሾች ወቅት ይገባል።

ብቸኛዋ መንገደኛ፦
በሀበሻ 1 ሰዓት ነው፣ ጠዋት። ቦርሳው 18 ኪሎ ነው ጋሼ። ሁለት ኪሎው ሽሮና በርበሬ ነው፣ ከፉትስክሬይ፣ እዚሁ ሜልቦርን ካለው ሰፈር የገዛሁት። ወንድሜ ተከራካሪው፣ ሆስቴል ብቻ አይደለም። ላራፒንታ በሚባለው፣ አሊስ አጠገብ ባለው የእግር መንገድ ላይ ጥቂት ቀን ልራመድ ነው፣ የካምፕ ቦታም ይዣለሁ። ስለዚህ የወገቡ ማሰሪያ የግድ ነው። በረሃ ስለሆነ ስሊፒንግ ባጉን እዚህ ልተወው? እሱ ቢወጣ ይቀልልኛል።

የፉትስክሬይ ልጅ፦
እናቴ ብትሆን ሦስተኛ ኪሎ ትጨምርልሽ ነበር።

ሰው አገር ያለች፦
እንዳትተዪው! በረሃ ማለት ሁልጊዜ ሙቀት አይደለም። አሊስ ስፕሪንግስ በሐምሌ ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ከዜሮ በታች የሚወርድበትም ሌሊት አለ። ስሊፒንግ ባግ፣ ኮፍያ፣ ጓንትና ወፈር ያለ ካልሲ ያስፈልግሻል። የሚቀነሰው ሌላ ነው። ጂንስ ካለሽ አውጪው፤ ይከብዳል፣ ከረጠበም ቶሎ አይደርቅም። ሁለተኛ ጫማም ከሆነ ቀለል ያለ ሸበጥ ይበቃል። ሽሮውን ለመንገዱ የሚበቃሽን ያህል በትንሽ ላስቲክ ቋጥሪና ቀሪውን ሆስቴል ላገኘሻት ሀበሻ ስጪ። ሽሮ ቶሎ ይበስላል፣ ጋዝ አይፈጅም፣ ለካምፕ ከእሱ የተሻለ ምግብ የለም።

ስለ ጋዝ ካነሳሁ፦ የምድጃውን የጋዝ ቆርቆሮ በአውሮፕላን ይዘሽ መግባት አትችዪም። በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው። እዚሁ ተዪው፣ አሊስ ስትደርሺ ትገዢያለሽ። ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። የአገር ውስጥ በረራ የእጅ ሻንጣ የክብደት ገደብ ስላለው አስቀድመሽ መዝኚው።

ቀን የወጣላት፦
ለምን አትቋጥሪውም? ሁለቱን ጫፍ አስረሽ ሂጂ።

መርፌና ክር፦
ቋጠሮውም በዘዴ ነው። ደረቅ ቋጠሮ ከጠበቀ በኋላ አይፈታም። ወንዝ ስትሻገሪ ወይም ስትወድቂ ቦርሳውን ቶሎ መጣል መቻል አለብሽ። ስለዚህ ልክ እንደ ጫማ ክር፣ አንዱን ጫፍ ስትስቢው የሚፈታ አድርገሽ እሰሪው። የደረቱን ዘለበት ወደ ወገቡ ላዛውረው ካልሽ አይሠራልሽም፤ ጠባብ ነው፣ ለዚያ ሸክምም አልተሠራም።

ዛሬ ማታ ግን ቦርሳውን ማንሳት ብቻ ነው እንጂ መሸከም አያስፈልግሽም። አውሮፕላን ማረፊያ ስታስረክቢ የተንጠለጠለ ማሰሪያ ማጓጓዣው ላይ እንዳይያዝ አጣጥፈሽ በቴፕ ለጥፊው፣ ወይም ቦርሳውን በሙሉ በትልቅ ጆንያ ውስጥ አስገቢው። ዘለበቱን አሊስ ላይ ግዢ። ብዙ እግረኛ የሚነሳባት ከተማ ናት፣ የካምፕ ዕቃ ሱቅ አላት። ወንዴውንና ሴቴውን አብረሽ ግዢ፤ የአንዱ ፋብሪካ ከሌላው ጋር አይገጥምም። አሁን ያለው በስፌት የተያዘ ከሆነ መሀሉ ላይ የተሰነጠቀ ዘንግ ያለውን ዓይነት ጠይቂ። ሳይተረተር ማሰሪያው በስንጥቁ ይገባል። ሱቅ ካጣሽ ልባሽ የሚሸጡበት ገብተሽ ዘለበቱ ደህና የሆነ አሮጌ ቦርሳ ፈልጊ፤ ዘለበቱን ከነማሰሪያው ቆርጠሽ ትወስጃለሽ።

እግረኛው፦
ላራፒንታ ካልሽ ቀልድ የለም። መንገዱ በሙሉ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በካምፖቹ የውሃ ታንከሮች አሉ፣ ውሃውን ግን አፍልተሽ ወይም አጣርተሽ ጠጪ። አብዛኛው ቦታ ስልክ አይሠራም። ብቻሽን ስለሆንሽ በሳተላይት የሚሠራውን የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ተከራዪ። ፒ.ኤል.ቢ. ይሉታል። የእጅ ባትሪ ታህላለች። ቁልፉን ስትጫኚው ያለሽበትን ቦታ ለነፍስ አድን ያሳውቃል። የት እንደምትሄጂና መቼ እንደምትመለሺ ለሆስቴሉ በጽሑፍ ተዪ። ስልክ ባለበት የአደጋ ቁጥሩ 000 ነው። ይህን ሁሉ የምለው ስለምታሳስቢኝ ነው።

ተከራካሪው፦
ላራፒንታን መጀመሪያ ብትጽፊው ኖሮ ስለ ዘለበቱ አልከራከርም ነበር። ስለ ፐርዝ ግን አሁንም በአቋሜ ነኝ። ወደዚያ ከሄድሽ ደግሞ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ማር ይዘሽ አትግቢ፤ ምዕራብ አውስትራሊያ ድንበር ላይ ይፈትሻሉ። ደግሞ የአሊስ ሰዓት አሁን ከሜልቦርን በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ሚኒባስ ከያዝሽ አስቢበት።

ሰላም ለሁሉ፦
እህት ደረስሽ? ዘለበቱ ተገኘ?

አዲስ አባል፦
ይቅርታ፣ ጥያቄው የእኔ ባይሆንም ላስገባ። እኔም በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ እሄዳለሁ። እናቴ ሽሮና ቋንጣ አዘጋጅታልኛለች። ኤርፖርት ላይ ያስገቡልኛል?

ሰው አገር ያለች፦
ቋንጣው ይቅር፣ ሥጋ አያስገቡም። ሽሮውን ንጹሕ አድርገህ ለብቻው አሽገውና ሲገቡ በሚሞላው ካርድ ላይ ምግብ አለኝ ብለህ ሙላ። ካሳወቅህ ቅጣት የለም፤ ካልፈቀዱት ይወስዱታል፣ በቃ። የሚያስቀጣው መደበቅ ነው። የመራመጃ ጫማህንም ሶሉን በብሩሽ እጠበው። አፈር ከያዘ እዚያው ያስቆሙሃል።