ጅማ ላይ እሁድን በምን ታሳልፋላችሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጅማዎች። ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በቅርቡ ነው። እሁድ ቤት መዋል ሰለቸኝ። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። እኔ ወፍ አያለሁ። በጠዋት ቦዬ ረግረግ እወርዳለሁ። አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የደፋ የሚመስል፣ እግረ ረጅም ወፍ አለ። እሱን ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም! ያየሁትን ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሌሊት ዝናብ ከጣለ ቦቲ አድርግ፤ ጭቃው አይጣል ነው። ጉማሬ ስላለ ውሃው ዳር አትጠጋ።

ሌላ መልስ፦ ጅሬን ኮረብታ ላይ ውጣ፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እይ። የእንጨት ሥራው ድንቅ ነው።

ጠያቂ፦ ቦዬን ልሞክር። ባይኖኩላር ግን የለኝም።

መልስ፦ የእኔን እየተቀባበልን እናያለን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እዚያ ተገኝ፤ ፀሐይ ከጠነከረች ወፎቹ ይሸሸጋሉ።