ጥቆማ፦ በ38 ዓመቴ ኤሌክትሪሺያን መሆን እፈልጋለሁ፤ የት ልማር? ያለ ልምድስ ማን ይቀጥረኛል?

ጀማሪ38፦
ሰላም ለሁላችሁ። 38 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። 14 ዓመት በሒሳብ ሥራ ቆይቻለሁ። የምሠራበት አስመጪ ድርጅት አምና ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁት ሁሉ የአንድ ወር፣ የሁለት ወር ኮንትራት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የተበላሸ ነገር ፈትቶ ማየት እወዳለሁ፤ የጎረቤቱን ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ የምቀይረውም እኔ ነኝ። አሁን ግን በወጉ ተምሬ እንጀራዬ ላደርገው ወስኛለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ማታ ወይም ቅዳሜና እሁድ የሕንፃ ኤሌክትሪክ በደንብ የሚያስተምር የት ነው? የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል? ለመጀመሪያ የሚሆን የእጅ መሣሪያስ ምን ልግዛ፣ ከየት? ዋናው ጥያቄዬ ግን ሥራው ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «2 ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል። ልምዱን ከየት አመጣለሁ? የምኖረው ጀሞ ነው።

የድሮ ተማሪ፦
ተግባረ ዕድ። የመንግሥቱን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ማለቴ ነው፤ ሌላ ቦታ አትድከም። እኔም የተማርኩት እዚያ ነው፣ አባቴም እዚያ ነው የተማረው። ለአንተ ደግሞ ከጀሞ ሜክሲኮ በአንድ ታክሲ ትደርሳለህ።

ቮልት፦
ተግባረ ዕድ ጥሩ ነው፣ ዊንጌት ግን (እሱም የመንግሥት ፖሊቴክኒክ ነው) ይበልጣል። ወርክሾፑን ገብተህ እየው። አሁን የምሠራበት ቦታ ካለነው አምስት ኤሌክትሪሺያኖች ሦስታችን ከዊንጌት ነን።

የድሮ ተማሪ፦
አምስት ሰው ቆጥሮ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ከተማው ውስጥ ያለ ትልልቅ ሕንፃ ላይ ሄደህ ፎርማኑን የት ተማርክ በለው።

ባለ ሁለት ሰርተፍኬት፦
እባክህ ወንድሜ፣ ከመክፈልህ በፊት ይቺን አንብብ። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ማሠልጠኛ ገባሁ። ሲመዘግቡኝ «80 በመቶው ተግባር ነው፣ ስትጨርስ ሥራ እናስገባሃለን» ብለውኝ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ከሰሌዳ ስንገለብጥ ቆየን። 40 ተማሪ ነን፣ ያለችው መለማመጃ ሰሌዳ ግን አንዲት ናት፤ እሷም ብሬከሯ የተነቀለ ነው። አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ፈልፍዬ ቱቦ አልቀበርኩም። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ልፈተን ስሄድ መዛኙ ሥዕሉን ሰጠኝና አንድ መብራት ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋበትን አሠራር ሥራ አለኝ። በወረቀት አውቀዋለሁ። እጄ ግን ተንቀጠቀጠ፣ ሽቦውን እንኳ በቅጡ መላጥ አቃተኝ። ወደቅሁ። ተመልሼ ብጠይቅ «ድጋሚ ክፈልና እናለማምድሃለን» አሉኝ። የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ አስተጓጉዬ የከፈልኩት ገንዘብ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሰሚት ልጅ፦
እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የእኔው ቦታ ሥራ ያሉት በነፃ ለሦስት ወር ዕቃ መሸከም ነበር።

መክሊት፦
እህቴም እንዲሁ፣ የሷ ግን የፀጉር ሥራ ነው። የግል የሚባል ነገር ይቅርብህ።

ቮልት፦
እሺ፣ እንግዲያው አዲስ አበባ ያለ የግል ትምህርት ቤት በሙሉ ሌባ ነው በሉና እንገላገል።

ባለ ሁለት ሰርተፍኬት፦
ሁሉም አላልኩም። የደረሰብኝን ነው የተናገርኩት። አንተ ያልከፈልከውን ገንዘብ አትቀልድበት።

ቮልት፦
ይቅርታ፣ ልክ ነህ። እንግዲህ ለጠያቂው የሚጠቅመውን ልበል። የትም ከመመዝገብህ በፊት ትምህርት እየተሰጠ ባለበት ሰዓት ሂድና ወርክሾፑን አሳዩኝ በል። ቢሮው የሚነግርህን ተወው። መለማመጃ ሰሌዳው ስንት ነው? ለአንዱ ስንት ተማሪ ይደርሳል? የተማሪ እጅ ላይ ፒንሳ ታያለህ ወይስ ደብተር ብቻ? ባለፈው ዙር ሲኦሲ ከተፈተኑት ስንቱ አለፈ? ይህንን መመለስ ካልፈለጉ ውጣ። የትብብር ሥልጠና (ድርጅት ውስጥ የሚደረግ የተግባር ልምምድ) የት እንደሚልኩም ጠይቅ፤ ድርጅቱን በስም ካልነገሩህ የለም ማለት ነው።

ከሜሪላንድ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ዲሲ አካባቢ ሎካል 26 የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር አለ። 5 ዓመት እየተከፈለህ ትማራለህ። ቀን ከባለሙያ ጋር ትሠራለህ፣ ክፍልም ትገባለህ። ደሞዝህ በየደረጃው ይጨምራል። መግቢያው ላይ አልጀብራ ይፈትናሉ፣ ለሒሳብ ሰው ደግሞ ቀላል ነው። እኔ በ41 ዓመቴ ታክሲ መንዳት ትቼ ነው የገባሁት፤ ዕድሜህን አትፍራ።

የሰሚት ልጅ፦
ሰውየው እኮ ጀሞ ነው ያለው።

ከሜሪላንድ፦
አውቃለሁ። በ41 ይቻላል ልለው ነው።

አሥር አለቃ፦
እውነቱን ልንገርህ። 38 ዓመት ለዚህ ሥራ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ እጅህን ወደ ላይ ዘርግተህ ቆመህ ትውላለህ። ከ20 ዓመት ልጅ ጋር ግድግዳ ትፈለፍላለህ። ልጁ ፎርማን ሆኖ ያዝሃል። ይህን ከቻልክ ግባ። ካልቻልክ ሒሳብህን አትተው።

ጀማሪ38፦
ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሥር አለቃ፣ ልጅ ቢያዘኝ ግድ የለኝም፤ ቤቴ ሁለት ልጆች ያዙኛል። ቅዳሜ ወጥቼ ወርክሾፖቹን በዓይኔ አያለሁ። የመሣሪያውን ጉዳይ ግን ማንም አልነገረኝም።

ማሙሽ ከመርካቶ፦
መሣሪያ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ። 12 ዓመት የምገዛበት ሱቅ መርካቶ አለ። ባለሱቁ ወንድሜ ማለት ነው፣ ሽቦም ብሬከርም ከሱ ሌላ አልገዛም። በውስጥ መስመር እነግርሃለሁ።

ሽቦና ቱቦ፦
ማሙሽ፣ ባለፈው ወር አንተ የላክኸኝ ቦታ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ብለው የሸጡልኝን ሽቦ በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ለካሁት። መዳቡ ዲያሜትሩ 1.5 ሚሊሜትር ነው። እውነተኛ 2.5 ካሬ ቢሆን 1.78 ነበር የሚሆነው። ይሄ ካሬው 1.8 አካባቢ ይመጣል። 100 ሜትር የተባለው ጥቅልም ስንጎትተው አልሞላም።

ማሙሽ ከመርካቶ፦
ካሊፐርህ ተበላሽቶ ይሆናል። የኔ ሰው እንደዚህ አያደርግም።

ሽቦና ቱቦ፦
በሁለት ካሊፐር ነው የለካሁት።

ማሙሽ ከመርካቶ፦
12 ዓመት አላታለለኝም። ሌላ ሰው ቀይሮብህ ይሆናል።

ሽቦና ቱቦ፦
ይሁንልህ። ጀማሪ38፣ ለአንተ የምለው ይህንን ነው። የኢንሱሌሽን እጀታ ላይ 1000 ቮልት የተጻፈበት ፒንሳና ካቻቪቴ ግዛ፤ በላስቲክ የተሸፈነ ሁሉ ከንዝረት አይከላከልም። መልቲሜትር ላይ አትቆጥብ፤ ካት 3 (CAT III፣ ለሕንፃ መስመር የሚሆን የደኅንነት ደረጃ) የሚል የተጻፈበት ይሁን። አምፖል ያለባት ትንሿ ቴስተር ብቻዋን አታድንህም። አለመብራቷ መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ሁልጊዜ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቀው ሶኬት ላይ መልቲሜትሩን ሞክር፣ ከዚያ የምትሠራበትን ለካ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሰህ የመጀመሪያውን ለካ። ካሊፐር ጨምርበት፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ስንት ጣጣ ያድንሃል። ማርቴሎና እስካርፔሎ ከየትም ቢሆን ችግር የለውም። ድሪል አሁን አትግዛ፤ ሥራ ስትገባ ይሰጡሃል።

የጎፋዋ፦
ይቅርታ በመሀል ልግባ። እናንተ ባለሙያዎች ስለሆናችሁ ነው። ምጣዴን ስሰካ አሥር ደቂቃ ያህል ይሠራና ብሬከሩ ይወርዳል። ኮንዶሚኒየም ነው። ምጣዱ ነው ወይስ ቤቱ?

ዘመን፦
ብሬከሩን በ32 አምፔር አስቀይሪው፣ ያልቃል።

ፎርማኑ፦
ዘመን፣ ሰውን እንዲህ አትምከር። ቤት ያቃጥላል። ብሬከር ሽቦን ለመጠበቅ ነው የተሠራው። ሽቦውን ሳታይ ብሬከር አሳድግ ማለት ጠባቂውን አባር ማለት ነው።
እህቴ፣ ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቢልኝ። ምጣድሽ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ከሆነ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ብሬከሩም 16 ከሆነ ዳር ላይ ነው የሚሠራው፤ እየሞቀ ሄዶ ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ወዲያው ያልወረደው። ሾርት ቢሆን ስትሰኪው ይወርድ ነበር። ግን ሌላም ምክንያት ይኖራል። ሶኬቱንና ፕለጉን ከነቀልሽ በኋላ በእጅሽ ጀርባ ንኪው። የሚያቃጥል ወይም የጠቆረ ከሆነ ግንኙነቱ ላልቷል፣ እስኪታይ አትጠቀሚበት። ትክክለኛው መፍትሔ ከፓኔሉ (ከብሬከሮቹ ሳጥን) ለምጣድ ብቻ የሚመጣ 4 ካሬ መስመር ከራሱ ብሬከር ጋር ነው። ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) መኖሩንም ያረጋግጡልሽ።

የጎፋዋ፦
16 ይላል። ሶኬቱ በአንድ በኩል ቡናማ ሆኗል። አሁኑኑ ነቅየዋለሁ፣ እግዜር ይስጥዎ።

ፎርማኑ፦
ጎበዝ። አሁን ወደ ጠያቂው። 19 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ነኝ፣ ረዳትም የምቀጥረው እኔ ነኝ።
ልምድ የሌለውን ሰው ማስታወቂያ አያስገባውም። ማስታወቂያ የሚወጣው ለሆቴል፣ ለፋብሪካ፣ ለጥገና ክፍል ነው፤ እዚያ ሌሊት ብቻህን ተረኛ ልትሆን ስለምትችል ልምድ መጠየቃቸው ትክክል ነው። ጀማሪ የሚገባው በሳይት በኩል ነው። ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክ ሥራ እንዲህ ይሄዳል። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቱቦ ይቀበራል። ከዚያ ግድግዳ ይፈለፈላል፣ ሳጥን ይተከላል። ቀጥሎ ሽቦ ይጎተታል። በመጨረሻ ሶኬት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መብራት ይገጠማል፣ ፓኔል ይታሠራል። ፍልፈላና ሽቦ ጉተታ ላይ ሁልጊዜ ሰው ያንሰናል። ሥራው ይዘገያል፣ ቀለም ቀቢው ይጮህብናል፣ ልጆች ሌላ ሳይት ይሄዳሉ። በዚያ ሳምንት በሩ ላይ የቆመ ሰው ልምድ አይጠየቅም። ስለዚህ በቴሌግራም ሲቪ ከመበተን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳይት በር ላይ ቁም። ፎርማኑ ሥራ የሚያከፋፍለው ያኔ ነው። ዘበኛውን በትሕትና «የኤሌክትሪኩን ፎርማን ፈልጌ ነው» በለው። የሚያውቅህ ዋስ አዘጋጅ፤ መሣሪያ በእጅህ ስለሚሰጥህ ይጠየቃል።
አሁን ደግሞ ማንም ያላነሳልህን ልንገርህ። አንተ ልምድ የለህም አትበል። ሰብ ኮንትራክተር (ከዋናው ተቋራጭ የኤሌክትሪኩን ሥራ የሚወስደው) የሚከስረው ሽቦ መጎተት ስለማያውቅ አይደለም። የገባው ሽቦና የተጎተተው ሽቦ አይገናኝለትም። የሠራውን ለክቶ ክፍያ በጊዜ አያቀርብም። ቫቱና ደረሰኙ ይበጣጠሳል። ወደ አንድ አነስ ያለ ሰብ ኮንትራክተር ሂድና «ቀን ረዳት ሆኜ እሠራለሁ፣ ማታ የዕቃውን ገቢ ወጪና የክፍያ ወረቀቱን እይዝልሃለሁ» በለው። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣልኝ የማቆየው ለዓመታት ነው። በዚያው ሥዕል ማንበብም ትለምዳለህ፤ ስንት ሜትር ሽቦ ሊገባ እንደሚገባ ካልቆጠርክ ገቢ ወጪ መያዝ አትችልማ።
ሲኦሲ ላይ ያለኝ ምክር፣ ከትምህርት ቤት ውጪ በሥራ የተማረ ሰውም ለምዘና መቅረብ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አብረህ አስኪድ፤ ቅዳሜና እሁድ ተማር፣ በሳምንቱ ሳይት ላይ እጅህን አፍታታ። ባለ ሁለት ሰርተፍኬት፣ አንተም ቴክኒኩን ታውቀዋለህ፣ የጎደለህ እጅ ብቻ ነው። ሁለት ወር ሳይት ላይ ከሠራህ ያንን ፈተና ታልፈዋለህ።

ባለ ሁለት ሰርተፍኬት፦
ፎርማኑ፣ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። በውስጥ መስመር ልጻፍልዎት?

ፎርማኑ፦
ጻፍ።

አሥር አለቃ፦
ፎርማኑ ያሉት ልክ ነው። እኔ ጉልበቱን ብቻ ነበር ያየሁት።

ቮልት፦
አንድ ልጨምር። አሁን ከውጭ የሚገባው የቤት መኪና ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። የ7 ኪሎዋት ቻርጀር 32 አምፔር ይስባል፣ የራሱ መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። እሱን በትክክል የሚያስገባ ሰው ብዙ አይደለም። አንዴ መሠረቱን ከያዝክ ወደዚያ እየው። ዊንጌት ግን ይበልጣል።

የድሮ ተማሪ፦
ተግባረ ዕድ።

ማሙሽ ከመርካቶ፦
የኔን ሰው ስለ ሽቦው ጠየቅሁት። «ዕቃው እንደመጣ ነው የሸጥኩት» አለ። እኔ አምነዋለሁ።

የጎፋዋ፦
ላመስግናችሁ ተመልሼ መጣሁ። ኤሌክትሪሺያን አስመጥቼ ከፈተው። ውስጥ ያለው 1.5 ካሬ ሽቦ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ተጠማዝዞ በናስትሮ ብቻ ታስሯል፣ ናስትሮው ቀልጧል። በ4 ካሬ አዲስ መስመር አውጥቶልኛል። ዛሬ 30 እንጀራ ጋገርኩ፣ ብሬከሩ አልወረደም። ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው።

ፎርማኑ፦
እግዚአብሔር ይመስገን።

መክሊት፦
ጀማሪ38፣ ቅዳሜ ሄድክ? የትኛው ጋ ተመዘገብክ? ታናሽ ወንድሜም መጀመር ስለሚፈልግ ነው።