ጥያቄ፦ በጎስትስክሪፕት ፒዲኤፉን ባሳንሰውም መጠኑ አልቀነሰም፤ ምን ላድርግ?

የፒያሳ ጽሕፈት (ደሴ)፦

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። አንድ ደንበኛ የጨረታ ሰነድ አምጥቶ ስካን አድርጊልኝ አለኝ። 140 ገጽ ነው፤ ሁሉም ገጽ ላይ ማኅተምና ፊርማ አለው። በከለር፣ በ200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 200 ነጥብ) አነሳሁት። አንድ ላይ ሲጠረዝ 96 ሜጋባይት ሆነ። የሚላክበት ገጽ ደግሞ ከ30 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። ከነገ ወዲያ ይዘጋል።

ኢንተርኔት ላይ ካሉት ማሳነሻዎች አንዱ ላይ ልጫነው አልኩና ተውኩት። ውስጡ የሰው ዋጋ አለበት። ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ምን እላለሁ? ስለዚህ ጎስትስክሪፕት የሚባለውን ፕሮግራም አውርጄ ኮምፒውተሬ ላይ ጫንኩት።

መጀመሪያ ትእዛዙን ስሰጠው አንድ ገጽ ሠርቶ ቆመ። ኢንተር ስጫን ሌላ ገጽ፣ ከዚያ ሌላ። መጨረሻ ላይ «ጂኤስ» የሚል ጽፎ ዝም አለ። ዘጋሁት። ቀጥሎ «ኢቡክ» የሚለውን ምርጫ ሞከርኩ። 96 የነበረው 94 ሆነ። «ስክሪን» የሚለውን ስሞክር በጣም አነሰ፤ ግን ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ አይነበብም። ምን አጥፍቼ ነው?

ትእዛዙን በአማርኛ ፊደል ጻፉልኝ እባካችሁ። ሱቅ ላለችው ልጅ በስልክ እያነበብኩላት ነው የምትጽፈው።

ቧንቧ ውሃ፦

እህቴ፣ ለሁለት ወይም ለአራት ክፈይው። -ዲፈርስትፔጅ=1 -ዲላስትፔጅ=35 ካልሽው ከ1 እስከ 35 ያለውን ብቻ ያወጣልሻል። ከዚያ 36 እስከ 70 እያልሽ ትቀጥያለሽ።

የፒያሳ ጽሕፈት (ደሴ)፦

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን አንድ ፋይል ብቻ ነው የሚቀበሉት። መክፈል አልችልም።

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

እታለም፣ አብሽሪ። ያጠፋሽው ነገር የለም። ችግሩ 200 የሚለው ቁጥር ላይ ነው። እኔም አንድ ሰሞን በዚሁ ተቸግሬ ስለነበር ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ጎስትስክሪፕት ማሳነሻ አይደለም። ፒዲኤፍና ፖስትስክሪፕት የገጽ መግለጫ ቋንቋዎች ናቸው። «ይህን ፊደል እዚህ ጋ አስቀምጥ፣ ይህን መስመር እዚያ አስምር፣ ይህን ምስል እዚህ ለጥፍ» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው በውስጣቸው ያሉት። ጎስትስክሪፕት እነሱን አንድ በአንድ አንብቦ ይፈጽማል። «ፒዲኤፍራይት» ካልሽው ያነበበውን እንደ አዲስ ፒዲኤፍ አድርጎ ይጽፈዋል። የሚያንሰውም አዲሱ ሲጻፍ ምስሎቹ ከተነኩ ነው። ያንቺ ፋይል ደግሞ ስካን ስለሆነ እያንዳንዱ ገጽ አንድ ትልቅ ምስል ነው። ሌላ የሚቀነስ ነገር የለውም።

አሁን ቁጥሩን ተመልከቺ። «ስክሪን» ምስልን ወደ 72 ዲፒአይ ያወርዳል። «ኢቡክ» ወደ 150፣ «ፕሪንተር» ወደ 300። ግን ዝም ብሎ አያወርድም። ምስሉ ከታለመው ቁጥር ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ካልሆነ አይነካውም። የ150 አንድ ተኩል እጥፍ 225 ነው። ያንቺ ምስል 200 ነው። ከ225 ስለሚያንስ እንዳለ አሳለፈው። ጄፔግ (ተጨምቆ የተቀመጠ) ምስል ካልተነካ ደግሞ እንደገና አይጨመቅም፤ እንዳለ ነው የሚገለበጠው። 94 የሆነብሽ ለዚህ ነው። «ስክሪን» ላይ ግን ገደቡ 108 ስለሆነ 200ው አለፈው፤ አወረደው፤ ማኅተሙንም አበላሸው።

ስለዚህ ያንን አንድ ተኩል ወደ አንድ ማውረድ ነው፦

ጂኤስዊን64ሲ -ኦ ውጤት.ፒዲኤፍ -ኤስዲቫይስ=ፒዲኤፍራይት -ዲፒዲኤፍሴቲንግስ=/ኢቡክ -ዲከለርኢሜጅዳውንሳምፕልትሬሾልድ=1.0 -ዲግሬይኢሜጅዳውንሳምፕልትሬሾልድ=1.0 ሰነድ.ፒዲኤፍ

ልጅቷ ስትጽፍ ይህን ንገሪያት። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ኦ፣ ኤስ እና ዲ ትንንሽ ፊደል ናቸው። «ዲቫይስ» እና «ፒዲኤፍሴቲንግስ» ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ይጻፋሉ። ረጅሙ ላይ የየቃሉ መጀመሪያ ብቻ ትልቅ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ከተቀያየረ ትእዛዙን አያውቀውም። ከ«ኦ» በኋላ ክፍት ቦታ አለ፤ በእኩል ምልክቱ ዙሪያ ግን የለም። የሚነበበው ፋይል ስም መጨረሻ ላይ ይሁን። ከእሱ በኋላ የተጻፈ ምርጫ ለዚያ ፋይል አይሠራም።

እየቆመ ያስቸገረሽም በዚያችው በትንሿ «ኦ» ይፈታል። ያለ እሷ በየገጹ ይቆማል፣ ሲጨርስም ሌላ ትእዛዝ ይጠብቃል። እንደዚያ ሲሆን «ክዊት» ብለሽ ብትጽፊ ይወጣል።

አንድ ነገር አደራ። የውጤቱ ስም ከዋናው ስም የተለየ ይሁን። ዋናውን ሰነድ በላዩ ላይ ከጻፍሽበት መመለሻ የለውም።

ሰኞ ገበያ፦

ወደ ጥቁርና ነጭ ለምን አትለውጠውም? -ኤስከለርኮንቨርዥንስትራቴጂ=ግሬይ የሚለውን ብትጨምርበት ደግሞ ይቀንሳል።

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ለሌላ ሰነድ ጥሩ ነው፤ ለመጽሐፍ፣ ለማስታወሻ እኔም አደርገዋለሁ። ለጨረታ ግን አልመክርም። ሰማያዊው ማኅተም ግራጫ ከሆነ የኮፒ ኮፒ ይመስላል። ገምጋሚው «ዋናው አይደለም» ቢል የሚጎዳው ደንበኛው ነው። ከለሩ ይቆይ።

የፒያሳ ጽሕፈት (ደሴ)፦

ሠራ! 28 ሜጋባይት ሆነ። ማኅተሙን አጉልቼ አየሁት፤ ዙሪያውን ያለው ጽሑፍ ይነበባል። አላህ ይስጥልኝ ወንድሜ።

ለሚቀጥለው ሰው እንዲጠቅም፣ መጀመሪያ ስንሞክር «ፋይሉ አልተገኘም» አለን። የፋይሉ ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ስለነበረ ነው። ስሙን አንድ አጭር ቃል ስናደርገው ተስተካከለ። ሌላው ደግሞ ፕሮግራሙ የተጫነበትን ፎልደር ዊንዶውስ ስላላወቀው «እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም» ብሎን ነበር። ሙሉ አድራሻውን፣ ከነ «ቢን» የሚለው ፎልደር፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ስናስገባው ገባ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ከ200 ወደ 150 ትንሽ ልዩነት ይመስላል። እንዴት ይህን ያህል ቀነሰ?

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

እሰይ! ልዩነቱ በወርድም በቁመትም ስለሆነ ነው። አንድ ኤ4 ገጽ በ200 ዲፒአይ ወደ 3.9 ሚሊዮን ነጥብ አለው። በ150 ሲሆን 2.2 ሚሊዮን ገደማ ነው። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። በዚያ ላይ ምስሉ ከተነካ በኋላ ጄፔጉ እንደ አዲስ ይጨመቃል።

መናፈሻ 03፦

ከጨረታው ባይገናኝም እኔም በጎስትስክሪፕት ጉዳይ ተቸግሬያለሁ። ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው የአማርኛ ደብዳቤ ፒዲኤፍ ነው። በጎስትስክሪፕት ወደ ምስል ስለውጠው አማርኛው ሁሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆነ። እንግሊዝኛው ደህና ነው። የትኛውን ምርጫ ልጨምር?

የወሎ ኅትመት፦

ወንድሜ፣ በምርጫ የሚፈታ አይደለም። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ አልገባም። ትእዛዙን የምትጽፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ ሲሠራ የሚጽፈውን አንብበው፤ አንዱን ፎንት በሌላ እንደተካ ይነግርሃል። የተካው ፎንት ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም። ጎስትስክሪፕት ያላገኘውን ፎንት ከየትም ሊያመጣ አይችልም።

ደንበኛውን ዋናውን የወርድ ፋይል ጠይቀው። ወርድ ላይ እንደ ፒዲኤፍ ሲቀመጥ «ኦፕሽንስ» ውስጥ ፒዲኤፍ/ኤ የሚል አለ። እሱ ምልክት ከተደረገበት ፎንቶቹ አብረው ይገባሉ።

ከሳጥን ይልቅ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ ጽሑፍ ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ ከመግባቱ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1999 በፊት በነበረው አሠራር፣ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ይሆናል። እነዚያ ፎንቶች የእንግሊዝኛ ፊደል ላይ የአማርኛ ቅርጽ የለበሱ ናቸው። ፎንቱ ሲጠፋ ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ይወጣል። ያኔ ያንኑ ፎንት ራሱን መፈለግ ነው።

ፍላሽ ካልክ አይቀር ሌላም ልንገርህ። ፖስትስክሪፕት ሙሉ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። በእሱ የተጻፈ ፋይል ማተም ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተርህ ላይ ያለ ሌላ ፋይል ለመንካትም ሊሞክር ይችላል። ከስሪት 9.50 ጀምሮ ጎስትስክሪፕት ይህን ራሱ ይከለክላል። ከዚያ በታች ያለ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው። እኛ ቤት የማናውቀው ሰው ፍላሽ በቀን ስንቴ ይሰካል!

የፒያሳ ጽሕፈት (ደሴ)፦

ይቅርታ ደግሜ መጣሁ። ይህ ፕሮግራም የከለር ገጾችን ለይቶ መቁጠር ይችላል? ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ሲያመጡ የከለሩንና የጥቁሩን ዋጋ ለመለየት ገጽ በገጽ በዓይን ነው የማየው።

የወሎ ኅትመት፦

ይችላል። እኔ በየቀኑ የምጠቀመው እሱን ነው፦

ጂኤስዊን64ሲ -ኦ - -ኤስዲቫይስ=ኢንክኮቭ ጽሑፍ.ፒዲኤፍ

«ኢንክኮቭ» በትንንሽ ፊደል ነው። ከ«ኦ» በኋላ ያለችው ብቻዋን የቆመች ሰረዝ «ውጤቱን እዚሁ መስኮት ላይ አሳየኝ» ማለት ናት። ለእያንዳንዱ ገጽ አራት ቁጥር ይሰጥሻል፣ ለየቀለሙ አንድ፦ ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጄንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫ፣ ጥቁር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዜሮ ከሆኑ ገጹ ጥቁር ብቻ ነው። አንዱ እንኳ ከዜሮ ከበለጠ ከለር አለበት። አንዳንዴ ተማሪው ሳያውቀው አንድ ሰማያዊ ሊንክ ብቻ ይኖራል። እሱን ጠይቂው፤ በጥቁር ይውጣ ካለ ገንዘቡ ይተርፍለታል።

በከለር ስካን የተደረገ ሰነድ ላይ ግን አትመኚው። ነጭ የሚመስለው ወረቀት ራሱ በስካነር ሲነሳ ትንሽ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ስለሚይዝ ሁሉንም ገጽ ከለር ይልሻል።

የፒያሳ ጽሕፈት (ደሴ)፦

አሁን አንድ የ84 ገጽ ጽሑፍ ላይ ሞከርኩት። ከለር ያለው 9 ገጽ ብቻ ነው። እኔ በዓይኔ 11 ቆጥሬ ነበር። ልጁ ነገ ሲመጣ የሁለቱን ልዩነት እመልስለታለሁ።