ዳክዬው የት ሄደ? የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን እንዴት በአንዲት «ኦ» ቀረ?

የፒያሳ አታሚ፦

ሰላም የቤቱ ቤተሰቦች። ቲሸርትና ማልያ እያተምኩ ነው የምኖረው። ሰሞኑን የአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድን አዲስ አርማ ሥራልን ብሎ መጣ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የፈለጉትን ሲዘረዝሩልኝ ግን ሳቄን በግድ ነው የያዝኩት። ችቦ፣ የተከፈተ መጽሐፍ፣ የማርሽ ጥርስ፣ የስንዴ ዛላ፣ ኳስ፣ ተራራ፣ ከተራራው ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ። ዙሪያውን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ይኼ ሁሉ ግራ ደረት ላይ፣ ሰባት ሳንቲሜትር ክብ ውስጥ! በጥልፍ ሞከርኩት። ስንዴው አባጨጓሬ መሰለ።

እቤት አንድ ኮፍያ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከኦሪገኗ ዩጂን ያመጣልኝ ነው፣ የ2022ቱ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ከተካሄደባት ከተማ። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ኮፍያው አረንጓዴ ነው፣ ላዩ ላይ ቢጫ «ኦ» ብቻ። ሌላ ምንም የለም። ኮፍያው የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው፤ የቡድኑ ስም ግን «ዳክዬዎቹ» ነው አሉ። ታዲያ ዳክዬው የት ሄደ? መጀመሪያ ምን ነበራቸው? ማንስ አሳምኖ ይህን ሁሉ አስጣላቸው? ለደንበኞቼ የማሳየው ነገር ፈልጌ ነው።

ሸገር ሯጭ፦

መልሱ አንድ ቃል ነው፣ ናይኪ። ፊል ናይት የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሯጭ ነበር። በ1964 ከአሠልጣኙ ከቢል ባወርማን ጋር ድርጅቱን ጀመሩ፤ ያኔ ብሉ ሪበን ስፖርትስ ነበር የሚባለው። በኋላ በ1996 መግቢያ ላይ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ኮተን ቦውል በሚባለው ጨዋታ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ 38 ለ 6 ተቀጠቀጠ። ናይት የፉትቦሉን አሠልጣኝ «ምን ያስፈልግሃል?» አለው። ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ የጎረፈው፤ ማልያውም አርማውም የተቀየረው። «ኦ»ዋ የመጣችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ናት፣ የሠራትም ናይኪ ነው። ቢሊየነር ተመራቂ ካለህ ባዶ ክብም አርማ ይሆንልሃል። ደንበኞችህ እንዲህ ዓይነት ተመራቂ ካላቸው ንገረኝ፣ ክቡን እኔ እስልላቸዋለሁ።

የተማሪው እናት፦

ልጄ፣ እኔ የዲዛይን ሰው አይደለሁም። የምኖረው ፖርትላንድ አጠገብ ነው፤ የመጨረሻው ልጄ ግን እዚያ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ክፍያው ትዝ ሲለኝ ያቺን «ኦ» ባየሁ ቁጥር አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

መጀመሪያ ኮፍያውን ሲያመጣልኝ እንቁላል መስሎኝ ነበር። የዳክዬ እንቁላል! ቡድኑ ዳክዬ ከሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቡና ላይ ለጎረቤት ሁሉ «እንቁላሉ ነው» እያልኩ ሳስረዳ ከረምኩ። አንድ ቀን ልጄ ሰማኝና በሳቅ ፈረሰ። «እማዬ፣ ውስጡን እዪው እንጂ» አለኝ። ለካ የ«ኦ»ዋ ውስጠኛ ቅርጽ የሄይዋርድ ፊልድ የመሮጫ መም ነው። የውጭው ቅርጽ ደግሞ ኦትዘን ስታዲየም፣ የአሜሪካ ፉትቦሉ ሜዳ። ሁለት ቦታ በአንድ ፊደል። እስቲ ኮፍያህን አውጣና ተመልከተው፤ ውስጡ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ጫፍና ጫፉ የዞረ ነው። መም ማለት እሱ ነው።

ዳክዬውም ቢሆን የመጣው በዙር ነው። ድሮ ቡድኑን «ዌብፉት» ይሉት ነበር፤ ጣቶቹ በቆዳ የተያያዙ እግር ማለት ነው። ስሙ ከማሳቹሴትስ ዓሣ አጥማጆች ጋር ነው የመጣው ይላሉ፤ የኦሪገንን ዝናብ ላየ ሰው ግን ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ከዚያ ስሙ ወደ ዳክዬ ተንሸራተተ። እውነተኛ ዳክዬ ይዘው ወደ ጨዋታ የሚሄዱበት ጊዜም ነበር፤ ስሙ ፑድልስ ይባል ነበር። በ1947 የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ሊዮ ሃሪስ ከዋልት ዲዝኒ ጋር ተገናኝቶ የካርቱኑን ዳክዬ ዶናልድ ዳክን እንዲጠቀሙበት ፈቃድ አገኘ። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ፣ መጨባበጥ ብቻ። ዲዝኒ በ1966 ሲሞት «ውላችሁ የታለ?» ተባለ። የተገኘው ፎቶ ነው። ዲዝኒ ራሱ ዶናልድ ያለበትን የኦሪገን ጃኬት ለብሶ የተነሳው። በ1973 በዚያ ተነስተው የጽሑፍ ውል ተፈራረሙ። እኛ አገር ቢሆን ሦስት የሰው ምስክር ይጠየቅ ነበር።

አሁን ስለ 2022ቱ ልንገርህ፣ ምክንያቱም «ባዶ ክብ» ያለው ወንድሜ ትንሽ አናዶኛል። የወንዶቹ ማራቶን እሑድ ጠዋት ነበር። ከፖርትላንድ ዩጂን የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሳን፤ ባንዲራ፣ ድፎ ዳቦ፣ በፔርሙስ ሻይ። የማራቶኑ መነሻና መድረሻ ኦትዘን ስታዲየም ጋ ነው። ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገባ፣ የሻምፒዮናው ክብረ ወሰን። ሞስነት ገረመው ሁለተኛ። እልልታዬን ፖሊሱ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። በማግሥቱ እዚያው ጎተይቶም ገብረሥላሴ፣ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፤ ይኼም የሻምፒዮናው ክብረ ወሰን። ለተሰንበት ግደይ በ10,000፣ ጉዳፍ ፀጋይ በ5,000 ያሸነፉት ደግሞ ሄይዋርድ ውስጥ ነው። አስበው። ሁለት ወርቅ በ«ኦ»ዋ ውጭ፣ ሁለት ወርቅ በ«ኦ»ዋ ውስጥ። አራቱም የዚያን ዓመት ወርቆቻችን። በ2023 መስከረም ጉዳፍ የ5,000ን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ደቂቃ ከ00.21 ሰከንድ የሰበረችውም እዚያው መም ላይ ነው። እኔ አሁን ያንን ኮፍያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ካልሆነ በቀር አላወልቀውም።

ለደንበኞችህ የምትለው ይህን ነው። ስንዴና ችቦ የየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ይችላል። ያ መም ግን የእነሱ ብቻ ነው።

ዩጂን የኖርኩ፦

እትዬ፣ ስለ መሙ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ዳክዬው የትም አልሄደም! ማልያው ላይ «ኦ»፣ ሜዳው ላይ የዳክዬ ልብስ የለበሰ ልጅ ነው። ቡድኑ ነጥብ ባስቆጠረ ቁጥር የነጥቡን ብዛት ያህል ፑሽአፕ ይሠራል። ብዙ ባገባን ቀን ልብሱ ውስጥ ላለው ልጅ አዝንለታለሁ። ወደ ሜዳ የሚገባው በሞተር ሳይክል ነው።

ሊቀይሩት የሞከሩም አልጠፉም። በ1978 «ማላርድ ድሬክ» የሚባል ሌላ ዳክዬ ቀርቦ ተማሪው ድምፅ ሰጠ። ዶናልድ በሰፊው አሸነፈ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጡንቻ የተለጠፈበት፣ ሮቦት የሚመስል ዳክዬ አመጡ። ዘመናዊ መሆኑ ነው። ደጋፊው «ሮቦዳክ» እያለ አላገጠበት፤ ብዙም ሳይቆይ ጠፋ። ናይኪ አለ፣ ገንዘብ አለ፤ ደጋፊው ግን አልፈልግም አለ። ስለዚህ ሸገር ሯጭ፣ ገንዘብ ሁሉን አይገዛም።

ነባሩ ዳክዬም ጨዋ ነው ማለቴ አይደለም። በ2007 የሂውስተን ዩኒቨርሲቲን ማስኮት፣ ማለትም እንደሱው የቡድን ምልክት ልብስ የለበሰውን፣ ሜዳ ላይ ደብድቦ አንድ ጨዋታ ታግዷል። እንደ ተጫዋች ቅጣት! ከዲዝኒ ጋር ያለው ነገርም በ2010 ተቋጭቷል፤ ሜዳ ላይ ያለው ዳክዬ ከዶናልድ የተለየ የራሱ ገጸ ባሕርይ ነው ተብሎ ተስማምተዋል። እኔ ግን ሁለቱን ዛሬም አልለያቸውም።

ሸገር ሯጭ፦

እሺ፣ ስለ ሮቦዳኩ ተረታሁ። እትዬ፣ ስለ «ባዶ ክብ» ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጉዳፍ እዚያ መም ላይ መሮጧን እያወቅኩ ከአርማው ጋር አላገናኘሁትም ነበር። ግን ገንዘቡን አንርሳ። ያን ሁሉ ዓይነት ማልያና ሄልሜት በየጨዋታው የሚቀያይሩት በእሱ ነው፤ ፊደሏ ቀላል ባትሆን ኖሮ ደግሞ በዚያ ሁሉ ቀለም ላይ ባልተቀመጠች።

አታሚው፣ ስለ ዋጋም ተደራደር። የናይኪን ምልክት በ1971 የሳለችው ካሮሊን ዴቪድሰን እዚያው ኦሪገን ውስጥ፣ ፖርትላንድ ስቴት ተማሪ ነበረች። የተከፈላት 35 ዶላር ነው። በኋላ አክሲዮን ሰጥተዋታል። አንተ አክሲዮን የሚሰጥህ ስለሌለ ቀብዱን አስቀድመህ ተቀበል።

የፒያሳ አታሚ፦

ቀብዱን ተቀብያለሁ፣ አትስጋ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኮፍያውን አውጥቼ አየሁት፤ እውነትም መም ነው! አራት ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴ ላይ ይዤው ዞሬ አላየሁትም። ዛሬ ተጫዋቾቹን ብቻቸውን አገኘኋቸውና እርስ በርስ ምን ተባብላችሁ ነው የምትጠራሩት አልኳቸው። ተያይተው ሳቁ። ሜዳቸው ዳር አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከልምምድ በኋላ ጫማ የሚያወልቁት እሱ ሥር ነው። «የዋርካው ልጆች» ነው የሚባሉት። ችቦም ስንዴም አንድ ሰው አልጠራልኝም። ማታውኑ ዋርካውን ከነጥላው በሦስት መስመር ሳልኩት፤ በሰባት ሳንቲሜትር ጥልፍም ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ለኃላፊያቸው ላክሁለት። ደስ ብሎታል፣ ልጆቹም ወደውታል። አሁን ደውሎ «በጣም ቆንጆ ነው፤ ከዋርካው ሥር ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ጣል አድርግበት» አለኝ።